በዘመን የተነደፈው የክሩዊ ደን

በኢንዶኔዥያ፣ በሱማትራ ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ፣ ክሩዊ በሚባለው አካባቢ ከባሕሩ ዳር ወደ ተራራው የሚወጣ ጥቅጥቅ ያለ ደን አለ። ከሩቅ ያየው ሰው የተፈጥሮ ጫካ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ የመንግሥት ካርታዎችም ብዙውን ክፍል የመንግሥት ደን ብለው መዝግበውታል። እኔ ግን በጥንቃቄ የታቀደ የሙጫ እርሻ ነው ባይ ነኝ። ዕቅዱ ያልታየን የተከላ ዕቅድ ሲባል በገመድ የተለካ ረድፍ ብቻ ስለምንፈልግ ነው። የክሩዊ ገበሬዎች ከሁሉ በፊት ያሰሉት ዓመታቱን ነበር።

ዳማር የተባለውን ሙጫ የሚሰጠው ዛፍ ሾሪያ ጃቫኒካ ይባላል። ሙጫው እንደ ዕጣን ይጤሳል፤ ለቫርኒሽና ለቀለም መሥሪያም ይሆናል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የውጭ ገበያው እየሰፋ ሲሄድ በጫካ የበቀሉት ዛፎች ያለ ዕረፍት ስለተበሱ ተመናመኑ። በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ገበሬዎቹ መትከል ጀመሩ፤ ነገሩ ግን ቀላል አልነበረም። ዛፉ በየዓመቱ አያፈራም፤ ዘሩም ከወደቀ በኋላ ብዙ ሳይቆይ የመብቀል አቅሙን ያጣል። ስለዚህ ያፈራ ጊዜ ዘሩን ለቅመው በጥላ ሥር ባለ ትንሽ መደብ ላይ አፈሉት፤ ችግኙ በጥላው ውስጥ ቀጭጮ ተራውን ይጠብቃል። ጫካው ተመንጥሮ መጀመሪያ ሩዝ ይዘራል፤ ቀጥሎ ቡናና ቁንዶ በርበሬ ይተከላል፤ በእነዚህ መሐል የዳማሩ ችግኝ ይገባል። ቡናው ሲያረጅ ዳማሩ ከላዩ ያልፋል፣ ዱርያንና ሌሎች የፍሬ ዛፎችም አብረውት ያድጋሉ። ከ20 እስከ 25 ዓመት ገደማ ሲሞላው ለመበሳት ይደርሳል። ግንዱ ላይ ሦስት ማዕዘን ያላቸው ጉድጓዶች ከታች ወደ ላይ በመስመር ይቆፈራሉ፤ ለቃሚው ወገቡን በቀበቶ ከግንዱ ጋር አስሮ እነዚያኑ ጉድጓዶች እንደ መሰላል እየረገጠ ይወጣል፣ በውስጣቸው የደረቀውንም ሙጫ እየፈነቀለ ቅርጫቱ ውስጥ ይከታል።

ይህ ዕቅድ ሳይሆን አጋጣሚ ነው የሚል ይኖራል። ነገር ግን ዳማር በእነዚህ ቦታዎች ከትልልቆቹ ዛፎች አብላጫውን ይይዛል፤ በዱር ጫካ አንድ ዛፍ ያለ ሰው እጅ እንዲህ መብዛቱ ብርቅ ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፤ ዳማር ብቻ በረድፍ ቢተከል ከአንድ ሄክታር የሚገኘው ሙጫ ይበልጥ ነበር ይላል። ለሙጫው ብቻ ከሆነ ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። ሆኖም ያ ገበሬ የመጀመሪያዎቹን 20 ዓመታት ምን ይበላል? በአንድ ጊዜ የተተከለ ዛፍም በአንድ ጊዜ ያረጃል፤ ያኔ ቤተሰቡ እንደገና ከባዶ መሬት ይጀምራል። በክሩዊ ግን አንድ ዛፍ ሲወድቅ በክፍተቱ ከመደቡ የመጣ ችግኝ ይተካል፤ ስለዚህ በአንድ ማሳ ሕፃኑም፣ ጎረምሳውም፣ አዛውንቱም ዛፍ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ረድፍ የጠፋው በዚህ ምክንያት ነው።

ዘመንን የሚያሰላ ዕቅድ ደግሞ ያለ ውርስ ሕግ አይቆምም። በአካባቢው ልማድ ማሳውን የሚወርሰው የበኩር ልጅ ነው፤ ለቤተሰቡ በአደራ ይይዘዋል እንጂ እንዳሻው አይሸጠውም። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የደን ፈቃድና የዘይት ዘንባባ ተከላ አካባቢውን ሲያሰጉት ተነካ የተባለው መሬት ብቻ አልነበረም፤ በአባትና በልጅ መካከል ያለው ውልም ነበር። በ1998 እ.ኤ.አ. የደን ሚኒስትሩ 29,000 ሄክታር ያህል ልዩ ቀጠና አድርገው ለማኅበረሰቡ የማስተዳደር መብት ዕውቅና ሰጡ፤ ትልቅ እርምጃ ነው። መሬቱ ግን በሕግ የመንግሥት ደን እንደሆነ ቀረ። ለሚቀጥለው ሩብ ክፍለ ዘመን ችግኝ የሚተክል ሰው ከሚኒስትር ውሳኔ የጸና ዋስትና ይገባዋል፤ ዛፉን የሚበሳው ልጁ ነውና።