ከሰይጣን ቤት እስከ ቆቃ መብራት

ሰው ያላወቀውን ነገር ባየ ጊዜ አስቀድሞ ስም ያወጣለታል፤ ምርመራው ዘግይቶ ይመጣል። የሲኒማም ነገር በኢትዮጵያ እንዲሁ ሆነ።

የሉሚዬር ወንድማማቾች የሚንቀሳቀሰውን ሥዕል በፓሪስ ከተማ ገንዘብ ከፍሎ ለገባ ሕዝብ በመጀመሪያ ያሳዩት ታኅሣሥ 19 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ዕለቱ በኢትዮጵያ የቅዱስ ገብርኤል በዓል ነበረ። ከዚያም በ64ኛው ቀን፥ የካቲት 23፥ የዐድዋ ድል ሆነ። እንግዲህ ሲኒማ የተወለደበትና ኢትዮጵያ ነጻነቷን ያስከበረችበት ዓመት አንድ ነው። መሣሪያውም ብዙ ሳይቆይ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ደረሰ።

በአዲስ አበባ የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት በተከፈተ ጊዜ ግን ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ጠራው። በዚህ ስም መሳቅ አይገባም። ሕዝቡ ሥዕልን ያውቅ ነበርና፤ ፊደል ያልቆጠረው ምእመን እንኳ የጌታን ሕማምና የቅዱሳንን ገድል ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ያነብ ነበር። በዚያ ሥዕል ጻድቁ ፊቱን መልሶ በሁለት ዓይን፥ ከሓዲው በጎኑ ባንድ ዓይን ይሣላል። በሲኒማ ግን ደጉም ክፉውም አንድ ጊዜ ፊቱን፥ አንድ ጊዜ ጎኑን ያሳያል። ጻድቁን ከኃጥኡ መለየት የተመልካቹ ፈንታ ሆነ። በጨለማ ቤት ተቀምጦ ይህን መፍረድ ለለመደውም ቀላል አይደለም።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የጠላት ዘመን ጣልያኖች ሲኒማ ቤት ሠሩ፤ ጉልበታቸውንም በሥዕል አስመሰከሩ። ነጩ የሚገባበትን ቤት ኢትዮጵያዊው ከሚገባበት ለዩ። የሰይጣን ቤት የሚለው ስም ለአንድ ዘመን ይገባ እንደ ሆነ፥ ለዚያ ዘመን ይገባ ነበር። ኃጢአቱም ሥዕሉ ካረፈበት ሸራ ይልቅ በደጃፉ ላይ ነበረ።

በ1939 ዓ.ም. በፓሪስ በተፈረመው የሰላም ውል ኢጣልያ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል ተወሰነ። ከብዙ ክርክር በኋላ በ1948 ዓ.ም. በተደረገው ስምምነት ገንዘቡ ተቀንሶ በአዋሽ ወንዝ ላይ ለሚሠራው ለቆቃ ግድብ ዋለ። ግድቡም በ1952 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ኃይሉ 43 ሜጋ ዋት ያህል ነው። ያን ጊዜ ናዝሬት ትባል ከነበረችው ከአዳማ ብዙ ያልራቀው ሐይቁ ገሊላ ተባለ። ስሙን የሰማ ካህን የዓሣ አጥማጆቹን መረብ ሳያስብ አያልፍም። ሰውን በመልኩ የለየ መንግሥት የከፈለው ካሣ ለሁሉ እኩል የሚያበራ መብራት ሆነ።

ለሲኒማ መብራት ነፍሱ ነው። ታሪኩ በጦፈበት ሰዓት መብራት የጠፋ እንደ ሆነ ፉጨቱና ጩኸቱ ጣራውን ያናውጣል። ከፊት የተቀመጠው ባርኔጣውን አያወልቅም፤ አስቀድሞ ያየው ሰው የሚመጣውን ሁሉ ለጎረቤቱ ይተርካል፤ ሕፃን ያለቅሳል። ሆኖም ደስታው ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። የሕንድ ፊልም ያየው ብዙ ሰው ቋንቋውን ሳያውቅ ዜማውን በቃሉ ይዞ ይወጣ ነበር፤ ለእናት ኀዘን ለማልቀስም አስተርጓሚ አላስፈለገውም። በ1957 ዓ.ም. «ሂሩት አባቷ ማነው» በታየ ጊዜ ደግሞ ተመልካቹ የገዛ ቋንቋውን ከሸራው ላይ ሰማ።

ከአንድ ወንዝ የመነጨ ኃይል የቤተ ክርስቲያንንም የሲኒማ ቤትንም መብራት ያበራል። ስለዚህ ቤትን በጨለማው ወይም በብርሃኑ ስም ከማውጣት አስቀድሞ ሁለት ነገር መመርመር ይገባል፤ በውስጡ የሚታየው ምን እንደ ሆነ፥ በደጃፉም ማን እንደሚገባና ማን እንደሚመለስ።