ሸራና ወረቀት

ሠዓሊ ሥራውን ሲሸጥ ከሥራው ይለያል፤ ገጣሚ ግን ግጥሙን ሺህ ሰው ቢወስድበት እሱ ዘንድ ትቀራለች። በዚህ ልዩነት ላይ በብርቱ ያሰብኩት፣ ከዓመት ፈቃዴ አንዱን ቀን መድቤ ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ በሚወጣው መንገድ ሥዕል ሳይ በዋልኩበት ዕለት ነው። የሰው ገንዘብ ሲቆጥር ለሚውል እንደ እኔ ላለ የባንክ ሠራተኛ፣ አንድ ነገር ፊት ሳይቸኩሉ መቆም ራሱ ቅንጦት ነው።

መንገዱ አጭር፣ ታሪኩ ግን ረጅም ነው። አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም አለ፤ ብዙው ጎብኚ ሉሲን አይቶ ይመለሳል እንጂ ሥዕሎቹ ወዳሉበት ፎቅ አይወጣም። እዚያው አቅራቢያ፣ ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ቺካጎ ተምረው ከተመለሱ በኋላ በ1950 ዓ.ም. ያቋቋሙት፣ ዛሬም በስማቸው የሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ይገኛል።

በመንገዴ የማውቃቸው አንድ አንጋፋ ሠዓሊ ቤት ጎራ አልኩ። ባለፈው ያየኋት ሰማያዊ ሥዕል ከግድግዳው ላይ የለችም።

«ጋሼ፣ ያቺ ሰማያዊዋ የት ሄደች?»

«ተሸጠች። አንድ ፈረንጅ ወሰዳት።»

«ፎቶዋስ?»

«ፎቶ ምን ያደርግልሃል ልጄ! ቀለሙ እዚያ ነው ያለው» አሉና ቡና እንዲቀርብልኝ አዘዙ። ሚስማሩ ብቻ ግድግዳው ላይ ቀርቷል።

ስድስት ኪሎ ስደርስ በልቤ የነበረው ይኸው ሚስማር ነው። እዚያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው ዘመናዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም በገብረ ክርስቶስ ደስታ ስም ይጠራል። ገብረ ክርስቶስ የሐረር ልጅ ነው፤ አባቱ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል የሚያስጌጡ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ። እሱ ኮሎኝ ተምሮ ሲመለስ ረቂቅ ሥዕል ይዞ መጣ፤ «ይህ ኢትዮጵያዊ ነውን?» ያሉም አልጠፉም። እኔ በበኩሌ ጥያቄው ከንቱ ይመስለኛል። «ጎልጎታ»ን የሣለ እጅ የአባቱን ብራና ረስቷል ማለት ይከብዳልና።

እሱ ግን ሠዓሊ ብቻ አልነበረም፤ «ሀገሬ»ን የማያውቅ የግጥም ወዳጅ ማን አለ? በደርግ ዘመን ተሰደደ፤ በ1973 ዓ.ም. ገና ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው በአሜሪካ፣ ኦክላሆማ አረፈ። ከዚያ በኋላ ሸራውና ወረቀቱ የተለያየ መንገድ ሄዱ። ግጥሙን በቃሉ የያዘ ሰው የትም ሆኖ ሊወጣው ይችላል፤ በ1998 ዓ.ም. ደግሞ «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» በሚል ርዕስ ተሰብስቦ ታተመ። ጀርመን የነበሩት ሥዕሎቹ ግን እዚያው ግድግዳ ላይ ሆነው፣ አገሬው ሳያያቸው ዓመታት አለፉ። ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው ሙዚየሙ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው።

በዚያ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ውስጥ ከእኔ ሌላ ሁለት ተማሪዎች ብቻ ነበሩ። አንደኛዋ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ከፊቷ ያለውን ሥዕል በእርሳስ ደብተሯ ላይ ትገለብጥ ነበር።