ዝሆኔና ቀይ አፈር፦ ስም ማውጣትና ምክንያት ማግኘት

የጥንት የዐረብ ሐኪሞች አብጦ የጠጠረ እግር ሲያዩ በሽታውን «ዳኡል ፊል» አሉት፤ የዝሆን በሽታ ማለት ነው። እኛም በቡሬና በፍኖተ ሰላም «ዝሆኔ» እንለዋለን። ሁለቱም ስሞች እግሩ ምን እንደሚመስል ይናገራሉ እንጂ ለምን እንዳበጠ አይነግሩንም። ሰው ግን ምክንያት ሳይዝ ማደር አይሆንለትምና «እርግማን ነው»፣ «ዘር ነው»፣ «ይጋባል» ይላል። እኔም በልጅነቴ በአንድ ሕመምተኛ ጎረቤታችን ደጃፍ ሳልፍ በሩጫ ነበር። «ዘሯ ነው» ተብላ ሳትታጭ የቀረች ልጅ ስንት ናት?

ሐኪሞችም ቢሆኑ ተቸግረው ነበር። በሌላው ዓለም ለዚህ በሽታ የታወቀው ምክንያት በትንኝ ንክሻ የሚተላለፍ ቀጭን ትል ነው። ትሉ በአገራችንም በጋምቤላ ቆላ ተገኝቷል። በደጋና በወይና ደጋ ሕመምተኞች ደም ውስጥ ግን ታጣ። ታዲያ እግራቸውን ያሳበጠው ምንድን ነው?

እንግሊዛዊው የሥጋ ደዌ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነገሩን ከሥሩ ጠየቁ። እብጠቱ ከእግር ጀምሮ ከጉልበት በላይ የማይወጣው ስለምን ነው? በባዶ እግሩ በሚሄድ ገበሬ ላይ የበዛውስ? ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር አካባቢ የሚታየውስ? በ1976 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በሽታውን ከዚህ አፈር ጋር አያያዙት። ደቃቅ የአፈር ቅንጣት በባዶ እግር ቆዳ አልፎ ይገባል፤ የሰውነትን ፈሳሽ የሚመልሱትን ቀጫጭን ቧንቧዎች ይጎዳል፤ ፈሳሹም እግር ላይ ይጠራቀማል። ቅንጣቶቹ በሕመምተኞች ንፍፊት ውስጥ ተገኝተዋል። በሽታውም ፖዶኮኒዮሲስ ተባለ።

ውድ አንባቢያን! ሁለቱን ማብራሪያዎች እናመዛዝን። «እርግማን ነው» የሚለው ለሁሉም ይመቻል፤ የታመመው ተረግሟል፣ ያልታመመው አልተረገመም፤ አለቀ። ስሕተቱ የሚገለጥበት መንገድ የለውም። የአፈሩ ማብራሪያ ግን ራሱን ለፈተና አሳልፎ ሰጥቷል። ከልጅነታቸው ጀምሮ ጫማ የሚያደርጉ ሰዎች በገፍ ቢታመሙ ኖሮ በወደቀ ነበር። አልወደቀም። ለሦስቱም ጥያቄዎች በአንድ ጊዜ መልስ መስጠቱ ለመታመን ጥሩ ምክንያት ሆነው፤ ያጸናው ግን ፈተናው ነው።

ፈተናው የአባቶችንም ቃል ፈትሿል። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በሽታው በቀላሉ የሚይዛቸው ሰዎች በዘር የሚወርሱት ነገር እንዳለ አሳየ። ስለዚህ «ዘር ነው» የሚለው ከነጭራሹ ባዶ አልነበረም፤ ጎደሎ ነበር። ዘሩ ቢኖርም እግር አፈሩን ካልነካ በሽታው አይመጣም። በምሥራቅ ጎጃም አነደድ ወረዳ 696 ሕመምተኞች የተሳተፉበትና በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ሙከራ ደግሞ እግርን መታጠብ፣ ቅባት መቀባትና ጫማ ማድረግ ድንገት የሚነሣውን ሕመም እንደሚቀንስ አረጋገጠ።

እንግዲህ ወላጆች፣ ለልጆቻችን ጫማ እንግዛ፤ እግራቸውንም እናስታጥብ። ለጋብቻ ስንጠያየቅም «ዘራቸው እንዴት ነው?» ከማለታችን በፊት ይህን እናስብ። ምክንያቱን ሳያጣሩ በሰው ላይ መፍረድ ግፍ ነውና። ወላሁ አዕለም።