ቤት አዘል መኪና

«የቅንጦት ሞተር ቤት መከራየት ዋጋ አለው?» የሚል ማስታወቂያ ሰሞኑን አሜሪካ ባሉ አማርኛ ተናጋሪዎች ስልክ ላይ ይዘዋወራል። ዋጋማ እንዴት አይኖረውም! ዋጋ የሌለው ኪራይ ማን አይቶ ያውቃል? ጸሐፊው ሊጠይቅ የፈለገው «ያዋጣል ወይ?» ብሎ ነበር፤ መርካቶ ውስጥ በቀን መቶ ጊዜ የሚባለው ቃል ግን ትርጉም ሲሠራ ትዝ አላለውም። እሱ እንኳ ይለፍ። «ሞተር ቤት» የተባለው ግን ሥር ሳይሰድ መነቀል ያለበት ነው።

«ሞተር ቤት» የተባለውን ዕቃ አብዛኞቻችን በፊልም አይተነዋል። አልጋው፣ ምድጃው፣ መታጠቢያው፣ ሽንት ቤቱ ሁሉ ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ተሰናድቶ በራሱ ሞተር የሚሄድ መኪና ነው። ከጭነት ማመላለሻ ቫን የማይበልጥ አለ፤ እንደ አገር አቋራጭ አውቶቡስ 12 ሜትር የሚደርስም አለ።

አማርኛ «ቤት»ን ከኋላ ሲያስቀምጥ ሕግ አለው። ከፊቱ ያለው ቃል ወይ በቤቱ የሚሠራውን ወይም የሚቀመጠውን ይነግረናል፤ ወጥ ቤት፣ ፍርድ ቤት፣ ምግብ ቤት እንደምንለው። ወይ ደግሞ ቤቱ የተሠራበትን፤ ሣር ቤት፣ ቆርቆሮ ቤት እንደምንለው። (ቡና ቤት ገብቶ ቡና ያጣ ሰው ቅሬታ ሊኖረው ይችላል፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።) በዚህ ሕግ «ሞተር ቤት» ሞተር የሚቀመጥበት ክፍል ነው። ይባስ ብሎ በዛሬው የአዲስ አበባ አነጋገር «ሞተር» ሲባል ባለሁለት እግሯ ናት፤ ስለዚህ ቃሉን የሰማ ሰው የሞተር ሳይክል ማቆሚያ ቢመስለው አይፈረድበትም።

ቃሉን ገልብጠን «የቤት መኪና» እንበለው ያሉም አሉ። ይህ ስም ባለቤት አለው። ታክሲ ያልሆነች፣ የመንግሥትም የድርጅትም ያልሆነች፣ ለዓመታት ኮድ 2 ሰሌዳ ለጥፋ የኖረችው መኪና የቤት መኪና ናት። «ቤተ መኪና»ም እንደ ቤተ መጻሕፍት ነውና ጋራዥ ይሆናል። «ተንቀሳቃሽ ቤት» መልካም ይመስላል፤ ችግሩ አሜሪካኖች «ሞባይል ሆም» የሚሉት ሌላ ነገር መኖሩ ነው። እሱ ከፋብሪካ ወጥቶ አንድ ጊዜ መሬት ላይ ከተተከለ በኋላ ብዙ ጊዜ የማይነቃነቅ፣ አቅም ለሌለው ሰው መኖሪያ የሚሆን ቤት ነው።

«ካራቫን» ብለን በውሰት እንለፈው የሚሉትን ደግሞ እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን አይሰሟቸው። ግንቦት 1983 ዓ.ም. በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን ወደዚያ ሲሻገሩ፣ ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ ከሰፈረባቸው ቦታዎች መካከል እንደ ኢየሩሳሌሙ ጊቫት ሀማቶስ ያሉ የካራቫን ሰፈሮች ነበሩ። ለእነሱ ካራቫን ማለት በጋ የሚያቃጥል፣ ክረምት የሚያበርድ ጊዜያዊ መጠለያ ነው። «የቅንጦት ካራቫን» ቢሏቸው ቀልድ ይመስላቸዋል። እንግሊዝ አገር ደግሞ ካራቫን የራሱ ሞተር የሌለው፣ በሌላ መኪና የሚጎተት ነው። እሱን ለመሰየም ብዙ መድከም አያስፈልግም፤ የከባድ መኪና ሾፌሮቻችን «ተሳቢ» የሚል ቃል ስላላቸው «ተሳቢ ቤት» ብንለው በቂ ነው።

እኔ የምደግፈው «ቤት አዘል መኪና»ን ነው። «አዘል» አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ መልእክት አዘል፣ ቁም ነገር አዘል፣ ነገር አዘል እያልን ስንጠቀምበት ኖረናል። ሥሩ እናት ልጇን የምታዝልበት «አዘለ» ሲሆን፣ በአነጋገር ውስጥ ከጀርባ ወደ ውስጥ ገብቶ «የያዘ» የሚለውንም ትርጉም ጨምሯል። ሁለቱም እዚህ ይሠራሉ። ከሾፌሩ አናት በላይ አልጋ የተደረደረበትን ሞዴል ያየ ሰው መታዘሉን በዓይኑ ያያል፤ አውቶቡስ የሚመስለው ደግሞ ቤቱን በሆዱ ይዟል። ዋናው ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። በአማርኛ ሐረግ ውስጥ ዋናው ስም መጨረሻ ላይ ይመጣልና፣ «ቤት አዘል መኪና» ስንል ነገሩ በመጀመሪያ መኪና መሆኑን አንረሳም። «ሞተር ቤት» ያለ ሰው ግን ቤት የተከራየ ይመስለዋል፤ ሒሳቡም የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው።

አንዳንዶች በ«የቅንጦት» ፈንታ «ቅንጡ መኪና» የሚሉት ፋሽንም ይታሰብበት። ቅንጡ የሚቀናጣው ሰው ነው፤ ዕቃው የቅንጦት ነው። መኪና አይቀናጣም።

ወደ ሒሳቡ እንምጣ። አንድ ቤተሰብ ከላስ ቬጋስ ተነሥቶ የግራንድ ካንየንን ደቡባዊ አፋፍ ለማየት ተመኘ እንበል። መንገዱ ለአንድ ጉዞ 280 ማይል ያህል ነው። ሆቴል ለመድኩ ብሎ ለአንድ ሌሊት 350 ዶላር የሚጠየቅበትን ትልቁን መኪና ለአራት ሌሊት ቢወስድ 1,400 ዶላር ይሆናል። ይህ የቤቱ ሒሳብ ነው። መኪናው ደግሞ በአንድ ጋሎን 8 ማይል ቢሄድ ለደርሶ መልስ 70 ጋሎን ይጠጣል፤ ጋሎኑን በ4 ዶላር ብናስበው 280 ዶላር። ውሉ ለአንድ ሌሊት ኪራይ 100 ማይል ብቻ ፈቅዶ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ማይል 50 ሳንቲም የሚያስከፍል ከሆነ፣ ለ160ው ትርፍ ማይል 80 ዶላር ይጨመራል። ገና ለማደሪያው ቦታ፣ ለኢንሹራንሱና ለጄኔሬተሩ ሳይከፈል 1,760 ዶላር ደረሰ ማለት ነው። ባልና ሚስት ብቻቸውን ከሆኑ ለነፍስ ወከፍ 880 ዶላር ነው። ስድስት ሆነው ቢያዋጡ 293 ዶላር ይደርሳቸዋል፤ ምግቡንም እዚያው ያበስላሉ። አማርኛ ይህንን ቀድሞ አውቆታል፤ «ማዋጣት»ን ለመዋጮውም ለትርፉም የሚጠቀምበት በከንቱ አይደለም። ይህ መኪና የሚያዋጣው ሲያዋጡበት ነው።

ትልቅነቱም ሁልጊዜ ጥቅም አይደለም። እዚያው ግራንድ ካንየን ያለው ማዘር የሚባለው የድንኳን ሰፈር ከ30 ጫማ የረዘመ መኪና አያስገባም፤ የኤሌክትሪክ መሰኪያም የለውም። ሞንታና ውስጥ ግላሲየር ፓርክን የሚያቋርጠው ዝነኛው የተራራ መንገድ ደግሞ ከ21 ጫማ በላይ የሆነውን ከመሃሉ ክፍል ይከለክላል፤ 40 ጫማውን የተከራየ ሰው አቁሞት በሌላ መኪና መሄድ ግዴታው ነው። የሽንት ቤቱን ታንከር በቱቦ የሚያራግፈውም ራሱ ተከራዩ ነው። በየዕለቱ ከባድ መኪና እየነዳ የሚኖር ወገኔ ለዕረፍቱ ገንዘብ ከፍሎ ሌላ ከባድ መኪና ይነዳል ብዬም አላስብም።

«አማርኛ ለእንዲህ ዓይነት ነገር ቃል የለውም» የሚሉትን አልቀበልም። ማደሪያን ይዞ መጓዝ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ጎንደር ከመቆርቆሯ በፊት በነበረው ዘመን ነገሥታቱ ብዙውን ጊዜ ከቦታ ቦታ እየተዘዋወሩ በድንኳን ያስተዳድሩ ነበር። «ከተማ» የሚለው ቃላችን ራሱ ንጉሥና ሠራዊት የሚከትሙበትን ስፍራ ይጠራ ነበር። ብዙዎቹ የአዲስ አበባ ሰፈሮችም ስማቸውን ያገኙት ከሰፈረባቸው ሰው ነው። ውሰትንም አልጠላም፤ «መኪና» ከጣሊያንኛ መጥቶ ዛሬ የማንም አይደለም፣ የእኛ ነው። የማልወደው የራሳችን ሁለት ቃላት በሌላ ቋንቋ ሰዋስው ሲታሰሩ ነው።

ማስታወቂያውን የምታዘጋጁ ወገኖች ሆይ፣ «የቅንጦት ቤት አዘል መኪና መከራየት ያዋጣል?» ብላችሁ ጻፉልን። ከሥሩም የማይሉን ገደብና የጄኔሬተሩን ክፍያ በግልጽ አስቀምጡልን።