ሩቅ ምንጭ፣ ቅርብ ዋስትና

እ.ኤ.አ. በ1891 በፍራንክፈርት በተካሄደው የኤሌክትሪክ ዐውደ ርእይ ላይ 1,000 ያህል አምፖሎች በኔካር ወንዝ ኃይል በሩ። ኃይሉ የመነጨው በላውፈን ሲሆን፣ በሦስት ፌዝ መስመር 175 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ከተማ ከኃይል ምንጩ ርቆ መኖር ቻለ፤ ጥገኝነቱም አብሮ ረዘመ።

ዛሬ በዚያው ወንዝ ዳር፣ በማርባኽ፣ በነዳጅ ዘይት የሚሠሩ ተርባይኖች በተጠንቀቅ ቆመዋል። የሰሜኑን የነፋስ ኃይል ወደ ደቡብ የሚያደርሱ መስመሮች ሲጨናነቁ ወይም ሲበላሹ ተነሥተው ክፍተቱን ይሞላሉ። አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈት ናቸው፤ ወጪያቸውን ግን ተጠቃሚው በመረብ ክፍያ ይሸፍናል።

በውኃ ኃይል ላይ የተመሠረተችው ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2009 ግድቦቿ ሲጎድሉ መብራትን በፈረቃ አደለች። በቃሊቲ፣ በአዋሽ ሰባት ኪሎና በድሬዳዋ የተተከሉት የናፍጣ ማመንጫዎች ለእንዲህ ያለ ቀን የታሰቡ ነበሩ፤ ነገር ግን አቅማቸው በድምሩ 100 ሜጋዋት አይሞላም፤ ነዳጃቸውም በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው።

የሕዳሴው ግድብ ከተመረቀም በኋላ ጥያቄው አልተዘጋም። ዝናብ ላጠረበት ወይም መስመር ለተበጠሰበት ቀን የሚቀመጠው መጠባበቂያ ወጪ በታሪፉ ውስጥ በግልጽ ካልተካተተ፣ ፋብሪካውና ሆስፒታሉ በየግላቸው ጄኔሬተር እየገዙ ይከፍሉታል።