ሰማይም ጎዳና አለው

የሰው ልጅ በምድር ላይ መንገድ ሲቀይስ፣ ወሰን ሲያካልልና ለየወሰኑም ኃላፊ ሲያቆም ብዙ ሺሕ ዘመን ቈይቷል። ሰማይን ግን ስፋቱን አይቶ፣ ዳኛ የማያሻው የሁሉ ሜዳ አድርጎ ሲገምተው ኖረ። ይህ ግምት ያስከተለውን ጥፋት ለማስረዳት አንድ ታሪክ መርጠን ለአንባቢያን እናቀርባለን።

እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በጁን 30 ቀን 1956 ዓ.ም. ሁለት የመንገደኞች አይሮፕላኖች በ3 ደቂቃ ልዩነት ከሎስ አንጀለስ ተነሡ፤ አንዱ ወደ ካንሳስ ሲቲ፣ ሁለተኛው ወደ ቺካጎ ይጓዝ ነበር። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ የበረራ ተቆጣጣሪዎች የሚጠብቁት በቅየሳ የተወሰኑትን የአየር ጎዳናዎች ነበር። ከዚያ ውጭ ያለው ሰማይ በአብዛኛው ለአብራሪው ዐይን የተተወ ስለ ነበረ፣ እያንዳንዱ አይቶ መሸሽ ግዴታው ነበር።

ሁለቱም አብራሪዎች በ21,000 ጫማ ከፍታ ሆነው፣ ፔንትድ ዴዘርት በሚባለው ምድረ በዳ ላይ በእኛ አቈጣጠር ከጧቱ በ4 ሰዓት ከ31 ደቂቃ እንደሚያልፉ በሬዲዮ አስታወቁ። ሁለቱም መልእክቶች በሶልት ሌክ ሲቲ ከሚገኝ አንድ ተቆጣጣሪ ዘንድ ደረሱ። ሰዓቱ አንድ፣ ከፍታውም አንድ ነበር። ተቆጣጣሪው ግን አላስጠነቀቀም፤ ያ ሰማይ ከሥልጣኑ ወሰን ውጭ ስለ ነበረ ሕግ አላዘዘውም። ጥቂት ቈይቶ አይሮፕላኖቹ ከግራንድ ካንየን ገደል በላይ ተጋጩ፤ የተሳፈሩት 128 ሰዎች በሙሉ አለቁ። መርማሪዎችም አብራሪዎቹ በጊዜ አለመተያየታቸውን አረጋገጡ።

ተቆጣጣሪውን መውቀስ ቀላል ነው። ነገር ግን ሰውዬው ደንብ አልተላለፈም፤ ጕድለቱ ደንቡ ራሱ ነበር። ባለቤት በሌለው ስፍራ ለሚደርሰው ጥፋት ኃላፊ አይገኝለትም።

ይልቁንም የሚያስቈጨው መካሪ አለመጥፋቱ ነው። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ከአደጋው በፊት፣ በዚያው ዓመት መጀመሪያ፣ ኤድዋርድ ከርቲስ የተባሉትን ሰው የአየር መንገዶችን ይዞታ አጥንተው እንዲያማክሩ ሾመዋቸው ነበር። ከርቲስም በሜይ 1957 ባቀረቡት ጥናት፣ ሥራው ራሱን በቻለ አንድ መሥሪያ ቤት እንዲጠቃለል መከሩ። ምክሩ ሕግ ሳይሆን በአፕሪል 21 ቀን 1958 አንድ የጦር አይሮፕላንና አንድ የመንገደኞች አይሮፕላን በላስ ቬጋስ አጠገብ ተጋጭተው 49 ሰዎች ሞቱ። የፌዴራል አቪዬሽን ሕግ የተፈረመው ከዚህ በኋላ፣ በኦገስት 23 ቀን ነው። በዚህም ሕግ የወታደሩንና የሲቪሉን በረራ ሰማይ በአንድነት የሚደለድል መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ማለት ይህ ነው።

ዛሬ የአየር ክልል ቀያሾች ከፍታውን እንደ ፎቅ ይደራርቡታል፤ መጪውን ከሂያጁ ይለያሉ፤ የአንዱ ተቆጣጣሪ ወሰን ሲያበቃ አይሮፕላኑን የሚረከበው ማን እንደ ሆነ አስቀድመው ይወስናሉ። ይህ ሁሉ ጥበብ የተገኘው በሰው ሕይወት ዋጋ ነው። ስለዚህ እኛም በየመሥሪያ ቤታችን «ይህ የእኔ ክፍል አይደለም» ከማለታችን በፊት፣ በሶልት ሌክ ሲቲ በአንድ ሰው እጅ የገቡትን ሁለት መልእክቶች ብናስታውስ መልካም ነው።