ከቁራ መልእክተኛ እስከ መከታተያ ቁጥር

አማርኛ ተናጋሪ ለጉዳይ ተልኮ የውኃ ሽታ ሆኖ የቀረን ሰው «የቁራ መልእክተኛ» ይለዋል። አባባሉ ከኖኅ ታሪክ የተወሰደ ነው። ከመርከቧ አስቀድሞ የተላከው ቁራ ወሬ ይዞ አልመጣም፤ በኋላ የተላከችው ርግብ ግን የወይራ ቅጠል በአፏ ይዛ ተመለሰች። ደብዳቤ ወይም ዕቃ ወደ ሩቅ አገር የሚልክ ሰው ሁሉ በእነዚህ ሁለት አዕዋፍ መካከል ሲጨነቅ ኖሯል። የላከው ደርሶ ይሆን? ካልደረሰስ ከማን እጅ ቀረ? ዛሬ ጥቂት ፊደላትንና አኃዞችን በኮምፒውተር ወይም በእጅ ስልክ ላይ በመጻፍ የሚገኘው መልስ የረጅም ዘመን ጥረት ውጤት ነው። ታሪኩን ቀረብ ብሎ ለተመለከተው ግን ዋናው ለውጥ የመሣሪያው መራቀቅ አይደለም፤ በቢሮ ተዘግቶ የኖረው መዝገብ ለዕቃው ባለቤት መከፈቱ ነው።

በትርና ፊርማ

በጥንቱ ሥርዓት የመልእክቱ ዋስትና መልእክተኛው ራሱ ነበር። በኢትዮጵያ ደብዳቤ ያዥ ወረቀቱን በተሰነጠቀ በትር ጫፍ ሰክቶ በግልጽ ይዞት ይጓዝ ነበር፤ በትሩም ሰውዬው የተላከ መሆኑን በመንገድ ለሚያገኘው ሁሉ ያስታውቅለት ነበር። ላኪው ግን የጉዞውን ፍጻሜ የሚያውቀው መልእክተኛው መልስ ይዞ ሲመጣ ብቻ ነው።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1894) የፖስታ አገልግሎት እንዲቋቋም ሲያዙ፣ የአገሪቱ የመጀመሪያ ቴምብሮች ፓሪስ ውስጥ ታትመው መጡ። ደብዳቤ ከሸዋ ወደ ሐረር፣ ከዚያም ወደ ጅቡቲ ጠረፍ ይሄድ የነበረው በእግረኛና በጋማ ከብት ነው። የምድር ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ መንገዱ አጠረ። በእነዚህ ዓመታት መካከል፣ እ.ኤ.አ. በ1908፣ ኢትዮጵያ በ1874 በርን ከተማ የተመሠረተው የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች።

በዚሁ ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ «የአደራ ደብዳቤ»፣ ከፈረንሳይኛ በተወረሰ ስሙም «ሪኮማንዴ» የሚባለው አገልግሎት ልዩ ስፍራ አለው። ደብዳቤው ቁጥር ተሰጥቶት፣ ከእጅ ወደ እጅ በተላለፈ ቁጥር ፊርማ እየተወሰደበት ይጓዛል። የአማርኛው ስያሜ የአሠራሩን መንፈስ በሚገባ ይገልጸዋል፤ አደራ የተቀበለ ሰው በስሙ ይጠየቅበታልና። ይሁን እንጂ ፊርማዎቹ ተበታትነው የሚያርፉት በየፖስታ ቤቱ መዝገብ ላይ ነበር። ደብዳቤው የጠፋበት ሰው ማመልከቻ ይጽፋል፤ ማመልከቻውም እንደ ደብዳቤው ከቢሮ ወደ ቢሮ ይዞራል። መዝገቡ ነበረ፤ ባለቤቱ ግን አያየውም።

በአሸዋ ላይ የተሰመረ መስመር

መዝገቡን ከወረቀት ያላቀቀው ሐሳብ የተፀነሰው ከፖስታ ቤት ውጭ ነው። አሜሪካዊው ኖርማን ጆሴፍ ውድላንድ በማያሚ የባሕር ዳርቻ ተቀምጦ ስለ ሞርስ የቴሌግራፍ ምልክቶች ሲያስብ፣ ነጥቦቹንና ሰረዞቹን በጣቶቹ አሸዋው ላይ ወደ ታች ሳባቸው፤ ቀጭንና ወፍራም መስመሮች ሆኑ። እርሱና ባልደረባው በርናርድ ሲልቨር ለዚህ ፈጠራ እ.ኤ.አ. በ1952 የባለቤትነት መብት አገኙ። ባርኮድ የምንለው ምልክት ግን በንግድ ቤት ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 1974 ነው፤ በዚያ ቀን በኦሃዮ ግዛት በአንድ የገበያ አዳራሽ አንዲት የማስቲካ እሽግ በብርሃን ተነበበች።

ከአንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 17 ቀን 1973፣ ፌዴራል ኤክስፕረስ የተባለው ኩባንያ በሜምፊስ ከተማ ሥራ ጀምሯል። በመጀመሪያው ሌሊት 14 ትንንሽ አውሮፕላኖች 186 እሽጎችን ወደ 25 የአሜሪካ ከተሞች አደረሱ። የኩባንያው መሥራች ፍሬድሪክ ስሚዝ ስለ ዕቃው የሚሰጥ መረጃ ከራሱ ከዕቃው ያላነሰ ዋጋ አለው የሚል እምነት ነበረው። በዚሁ እምነት ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1979 እሽጎችን በማዕከላዊ ኮምፒውተር መመዝገብ ጀመረ፤ በ1986 ደግሞ ለሠራተኞቹ በእጅ የሚያዝ የባርኮድ ማንበቢያ ሰጠ። ይህም ሆኖ ደንበኛው ስለ ዕቃው ለማወቅ ስልክ ደውሎ ሠራተኛውን መጠየቅ ነበረበት።

መጋረጃው የተገለጠው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ኩባንያው በዚያ ዓመት ደንበኞች የዕቃቸውን ቁጥር በኢንተርኔት ጽፈው ያለበትን እንዲያዩ ፈቀደ፤ ተፎካካሪው ዩናይትድ ፓርስል ሰርቪስም በ1995 ተከተለው። በስልክ ጥያቄ የሚመልሱ ሠራተኞችን ሸክም ስላቀለለ ለኩባንያዎቹም ጥቅም ነበረው። ለላኪውና ለተቀባዩ ግን ትርጉሙ ከዚያ የላቀ ነበር፤ ሠራተኛው የሚያየውን እነርሱም አዩ።

አሥራ ሦስቱ ምልክቶች

በአገሮች መካከል የሚጓዝ የአደራ ደብዳቤም ሆነ ፈጣን መልእክት ዛሬ በዓለም ፖስታ ኅብረት ደንብ 13 ምልክቶች ያሉት ቁጥር ይሰጠዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት የላቲን ፊደላት የአገልግሎቱን ዓይነት፣ ተከታዮቹ ስምንት አኃዞች የዕቃውን ተራ ቁጥር፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደላት ደግሞ የላኪውን አገር ያመለክታሉ። ከፊደላቱ በፊት ያለው ዘጠነኛው አኃዝ ዘበኛ ነው። ስምንቱ አኃዞች በቅደም ተከተል በ8፣ 6፣ 4፣ 2፣ 3፣ 5፣ 9 እና 7 ተባዝተው ይደመራሉ፤ ድምሩ ለ11 ተካፍሎ የሚተርፈው ከ11 ይቀነሳል። ለምሳሌ 47312482 ድምሩ 200 ይሆናል፤ ለ11 ሲካፈል 2 ስለሚተርፍ ዘበኛው 9 ነው። ጸሐፊው አንድ አኃዝ ቢያሳስት ስሌቱ በአብዛኛው ስለማይገጥም ስሕተቱ ይጋለጣል።

ይሁን እንጂ ቁጥሩ ዕቃውን ከሰማይ ሆኖ የሚያይ ዓይን አይደለም። የሚናገረው ሰው ያነበበውንና የመዘገበውን ብቻ ነው፦ ከላኪው መረከቡን፣ ከአገር መውጣቱን፣ ከተቀባዩ አገር መድረሱን፣ ጉምሩክ መግባቱን፣ ለባለቤቱ መሰጠቱን። በሁለት ምዝገባዎች መካከል ያለው ዝምታ ነው፤ አንድ ቢሮ ሳይመዘግብ ያሳለፈው ዕቃ ለጠባቂው ተመልሶ የቁራ መልእክተኛ ይሆንበታል።

በምሥራቅ አፍሪካ ይህ ዝምታ በይበልጥ የሚሰማው በመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ነው። በኢትዮጵያም ሆነ በኬንያ ደብዳቤ በአብዛኛው የሚደርሰው ከቤት ደጃፍ ሳይሆን ከፖስታ ሳጥን ነው። በዋሽንግተን፣ በዱባይ ወይም በቴል አቪቭ የሚኖር ሰው ለእናቱ መድኃኒት ሲልክ ዛሬም ወደ አገር ቤት የሚገባ መንገደኛ የሚፈልገው ያለ ምክንያት አይደለም። መንገደኛው ባርኮድ ባይኖረውም ስምና ዘመድ አለው፤ ቢዘገይ የሚጠየቅበት ደጅ ይታወቃል።

በሰው እጅ መላክና በቁጥር መላክ እንግዲህ የሚመስለውን ያህል አይራራቁም። ሁለቱም የሚቆሙት «ከማን ተቀበልህ፣ ለማንስ ሰጠህ?» በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። የመከታተያ ቁጥር ዕቃን በራሱ አያደርስም፤ ዝምታው ከየትኛው እጅ እንደጀመረ ግን ያሳያል። ባለቤቱ መዝገቡን ማየት ከቻለ ማንን እንደሚጠይቅ ያውቃል፤ አደራም አደራ የሚሆነው ጠያቂ ሲኖረው ነው።